ዳገት ላይ ስነሳ ሞተሩ ለምን ይጠፋብኛል?

ከቡራዩ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ያገለገለች ቦክሰር 100 ገዝቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት እየተማርኩ ነው። ሜዳ ላይ ችግር የለብኝም። ከአምቦ መንገድ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው የኮብልስቶን ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ግን ወይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ ወደኋላ እንሸራተታለሁ። የሰፈር ልጆች ‹ነዳጅ ጨምርበት› ይሉኛል። ስጨምር ደግሞ የፊት ጎማው ብድግ ይላል። ባለፈው ወድቄ ክርኔ ተላጠ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እንኳን በክርን ብቻ አለፈ።

የልጆቹን ምክር ለጊዜው ተወው። ችግሩ የነዳጅ ማነስ አይመስለኝም፤ ቀኝ እጅህ ሥራ በዝቶበታል። አብዛኛው ጀማሪ ዳገት ላይ ሲቆም ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሞተሩን በፊት ፍሬን ይይዛል። የፊት ፍሬኑም ነዳጅ መስጫውም ያሉት ቀኝ እጅ ላይ ነው። ለመነሳት ነዳጅ ልትሰጥ ስትል ፍሬኑ ይለቃል። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚይዘው ነገር የለም። ወደኋላ መሄድ ሲጀምር ትደነግጣለህ፣ በግራ እጅህ የጨበጥከውን ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን) በአንዴ ትለቀዋለህ። ነዳጁ ትንሽ ከሆነ ይጠፋል፣ ብዙ ከሆነ ይዘላል።

ስለዚህ ሥራውን ለቀኝ እግርህ ስጠው። ዳገት ላይ ስትቆም መሬት የሚረግጠው ግራ እግር ብቻ ይሁን። ቀኝ እግርህ የኋላ ፍሬኑን ረግጦ ይቆይ። አሁን ቀኝ እጅህ ነፃ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ነዳጅ ትንሽ ስጥና ድምፁን እዚያው ላይ አቆየው። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቀው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ ሞተሩም ወደፊት ሊሄድ ይገፋል። ፍሪሲዮኑ የሚይዘው እዚያ ጋ ነው። ጣትህን እዚያ ላይ አቁም፣ አትቸኩል። መግፋቱ በደንብ ሲሰማህ ቀኝ እግርህን ከፍሬኑ አንሳ። ወደኋላ አይሄድም። ሁለት ሜትር ያህል ከተጓዝክ በኋላ ፍሪሲዮኑን ጨርሰህ ልቀቅ።

ይህን በቀጥታ ያ ዳገት ላይ አትሞክረው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትሰጥ፣ በፍሪሲዮን ብቻ ተነስ። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ ጣትህ ያለ ሐሳብ እስኪያውቀው ድረስ ደጋግመው። ከዚያ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ፈልግ። ኮብልስቶኑ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እሱም ደረቅ ሲሆን። መንጃ ፈቃድህ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ መንገድ ላይ ሳይሆን በተፈቀደልህ ግቢ ወይም ሜዳ ውስጥ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሆኖ ተለማመድ።

በመሃል ሞተሩ ከጠፋስ? እጅህ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እንዳይቀር። ማርሽ ውስጥ እያለ ፍሪሲዮኑ ከተለቀቀ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዝልሃል። የኋላ ፍሬኑን ርገጥ፣ ተረጋጋ፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዘህ አስነሳ። መውደቁ የማይቀር ከሆነ ግን ላትርፈው ብለህ እግርህን ከሥሩ አታስገባ። ተወው ይውደቅ። መስታወት ይገዛል።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ላንተ ልፍረድልህ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት ሞተር እዚህ ከኃይሏ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ታጣለች። መቶ ሲሲ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ኃይል የለውም። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ጭራሽ ትደክማለች። የእናንተ መንገድ አቧራ ምን እንደሚመስል አንተው ታውቃለህ፤ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አጽዳው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ዝቅ ብሎ ከተስተካከለም ሞተሩ በትንሽ ነገር ይጠፋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አስተካክለው፣ በቀዝቃዛው አይደለም።

የፍሪሲዮኑን ገመድም እይ። መያዣው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል ባዶውን መሄድ አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ብትጨብጠውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ጭራሽ ከተወጠረ ደግሞ በደንብ አይዝም፣ የፍሪሲዮኑን ሸራም ይበላዋል። የኋላ ፍሬኑ ዳገት ላይ ቆሞ የማይዝ ከሆነ እስካሁን የነገርኩህ ሁሉ አይሠራም፤ መጀመሪያ እሱን አስጠብቅ።

የፊት ጎማው ብድግ የሚለው ፍሪሲዮኑ በአንዴ ስለሚለቀቅ ነው። ወደፊት ጠጋ ብለህ ተቀመጥ፣ ደረትህን ወደ መሪው አዘንብል። ሰው ከኋላ መጫን ለጊዜው የለም። ክብደቱ ሁሉ ወደኋላ ይሄዳል፣ ፊቱ ይቀላል። ጓደኛህ ቢቀየም ይቀየም።

መውጣቱን ስትለምድ መውረዱም አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ የሚያደርጉ አሉ፤ አትከተላቸው። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝህ አድርግ። በክረምት ኮብልስቶኑ ጭቃ ሲለብስ የፊት ፍሬኑን ጨምድደህ አትያዝ፤ ሁለቱንም በለስላሳው፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ። አምቦ መንገድ ላይ ስትወጣ ሲኖትራክ ጎን ተጣብቀህ አትንዳ። በስፖኪዮው የሹፌሩን ፊት ካላየህ እሱም አያይህም። ሄልሜቱን ማሰሪያውን ቆልፈህ አድርግ። ወደ ከተማ ለመሻገር ስታስብ ደግሞ አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሞተር ላይ ገደብ እንዳላት አትርሳ፤ የሚያስፈልገውን ፈቃድ አስቀድመህ ጠይቅ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ዳገቱን እምቢ ካለች ሸራው አልቆ ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ እየነዳህ ነዳጅ ጨምር። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሸራ ለመግዛት ከመሮጥህ በፊት ግን የቀድሞው ባለቤት ምን ዘይት እንደጨመረ ጠይቅ። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ አንዳንድ የመኪና ዘይት ደግሞ ሸራውን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ቀይርና ጥቂት ቀን ነድተህ እየው። ካልተሻለ ያኔ ሸራ ግዛ።