የጥንት አይሪሽ ጽሑፎች፦ የትኛውን ኅትመት ልያዝ? (ጥያቄና መልስ)

ጥ፦ መምህር፣ ጥንታዊ አይሪሽ ለመጀመር ከየትኛው ልነሣ?

መ፦ ከ600 እስከ 900 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር) ያለውን ከሆነ፣ ስቶክስና ስትራካን በ1901 እና በ1903 በሁለት ቅጽ ካወጡት፣ በላቲን መጻሕፍት ላይ በአይሪሽ የተጻፉ የማብራሪያዎች ስብስብ። የቩርትስቡርግ፣ የሚላኖና የሳንክት ጋለን ማብራሪያዎች በዚያው ዘመን በተጻፈ ብራና ላይ ናቸው፤ ተረቱና ሕጉ ግን በአብዛኛው ከ1100 ወዲህ በተቀዳ ነው የደረሰን። ከጎኑ የቱርናይሰንን የጥንታዊ አይሪሽ ሰዋስው ያዝ፣ የ1946ቱን።

ጥ፦ ማብራሪያው እንደኛ አንድምታ ነው?

መ፦ በከፊል። የቩርትስቡርጉ በጳውሎስ መልእክታት የላቲን ንባብ ላይ፣ በመስመር መካከልና በኅዳግ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ነጠላ ቃል ነው፤ እንደ አንድምታ «አንድም» እያለ ፍቺ አይደረድርም።

ጥ፦ አንድ ተረት ውስጥ «ኬንድ» በዝቶ አገኘሁ። ድርሰቱ ከ900 ወዲህ ያለው የመካከለኛው አይሪሽ ነው ማለት ነው?

መ፦ ቀስ በል። «ኬን» ራስ ማለት ነው፤ የጥንቱ አጻጻፍ በሁለት «ኤን» ነው። «ኤን» እና «ዲ» አብረው ሲመጡ በአነጋገር ወደ ድርብ «ኤን» ስለተለወጡ፣ የኋላ ጸሐፍት ሁለቱን አጻጻፍ ያቀያይሩ ጀመር። «ኬንድ» የመጣው ከዚህ ነው። ግን ብራናው ላይ «ዲ» አለች ወይ? ብዙ ጊዜ ያለው ከፊደሉ በላይ የተሰመረ የአኅጽሮት ሰረዝ ብቻ ነው፤ «ዲ»ን ያስገባው አሳታሚው ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ መቅድሙን አንብብ፦ አኅጽሮቱን ሲፈታ በሰያፍ ፊደል ለይቷል ወይስ ዝም ብሎ ሞልቷል? በሰያፍ ያለውን ከቆጠራህ አውጣ። የቀረውን የደብሊኑ የከፍተኛ ጥናት ተቋም ባወጣቸው የብራና ፎቶዎች አመሳክር። ከዚህ ሁሉ ተርፎ «ዲ» ቢገኝ እንኳ የሚነግርህ የገልባጩን ዘመን ነው፤ የድርሰቱን አይደለም።

ሌላ ተሳታፊ፦ ፎቶው ካለ የታተመው ምን ያደርጋል?

ሌላ፦ «ለቦር ና ሁድሬ» የሚባለውን የአይሪሽ ብራና ከፍተህ እየው። በተለመደው አከፋፈል ሦስት ጸሐፊ ነው ያለው፤ ሦስተኛው የቀደሙትን ፍቆ ላዩ ላይ ጽፏል፣ ቅጠልም ጨምሯል። ቤስትና በርጊን በ1929 የእያንዳንዱን ጸሐፊ እጅ ጽሑፍ ለይተው አትመዋል። አንተ በስልክህ ልትለይ ነው?

ሌላ ተሳታፊ፦ እነሱም ተሳስተው ቢሆንስ?

መ፦ ለዚህ ነው ሁለቱንም ጎን ለጎን የምንከፍተው። ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

ጥ፦ ለሕጎቹስ?

መ፦ የቢንቺ የጥንት አይሪሽ ሕጎች ስብስብ፣ 1978፣ ስድስት ቅጽ። ትርጉም የለውም። ከ1865 ጀምሮ የወጣው የድሮው ኅትመት ትርጉም አለው፤ ግን ተርጓሚዎቹ ኦዶኖቫንና ኦከሪ ሳይታተም ሞተዋል፣ ረቂቃቸውን ያረሙት ሌሎች ናቸው። ከእሱ ትርጉም አትጥቀሱ።

ጥ፦ የዛሬውን አይሪሽ አነባበብ ከየት ልማር?

መ፦ የኔ ነገር አይደለም።

ጥ፦ በአጭሩ የትኛው ኅትመት ይሻላል?

መ፦ ለምን ሥራ? ፊደል ልትቆጥር ነው፣ ሕግ ልታነብ ነው፣ ወይስ ተረት? ከላይ ተመልሷል። መቅድሙን አንብብ።