የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ልብስ ስንለካ በእንግሊዝኛ ምን እንበል?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ልብስ መግዛት ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አድርገናቸዋል። እንግሊዝኛውን ሁሉ ጆሮ እንደሚሰማው ነው የጻፍነው፣ ስለዚህ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሜሪካ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው። ማንበብ ላይ ችግር የለብኝም፣ ግን ልብስ ቤት ገብቼ ሻጮቹ ሲያናግሩኝ ቃሉ ሁላ ይጠፋብኛል። ባለፈው አንድ ሱሪ ለክቼ ዳሌዬ ላይ ጠቦኝ እያለ ልጅቷ እየተመላለሰች ስታመጣልኝ ስለነበር አፍሬ ገዛሁት፣ ይኸው አንድ ቀን ሳልለብሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ምን ብዬ ነው አልፈለኩትም የምለው? ሳይዝ ቀይሪልኝስ እንዴት ይባላል? — ሰ.

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ ከእንግሊዝኛው በፊት የይሉኝታውን ነገር እናንሳ፣ ምክንያቱም ገንዘብሽን ያስወጣሽ ቃል ማጣት ብቻ አይደለም። እኛ ሀገር ቡቲክ ገብተሽ ባለሱቁ ከላይ ከታች እያወረደ ሲያሳይሽ ቆይቶ ባዶ እጅሽን ስትወጪ ቅር ሊለው ይችላል፣ ሱቁ የራሱ ነው፣ የዛን ቀን ገበያው አንቺ ብቻ ልትሆኚም ትችያለሽ። እዛ ትልልቆቹ ሱቆች ውስጥ የምታስተናግድሽ ልጅ ግን ተቀጣሪ ናት፣ የተለካ ልብስ ሰብስቦ መልሶ መስቀል የስራዋ አካል ነው፣ አስር ለክተሽ አንድም ሳትገዢ ብትወጪ ነውር አላደረግሽም። እንደውም ከመልበሻው ስትወጪ ራሷ «ሃው ዲድ ኤቭሪቲንግ ወርክ አውት?» ብላ ትጠይቅሻለች፣ እንዴት ሆነልሽ የትኛው ተስማማሽ ማለቷ ነው። የተስማማሽን ይዘሽ ሌላውን እየሰጠሻት «ዚስ ዋን ወርክስ፣ በት ዚዝ ዲድንት። ቴንክ ዩ» ትያለሽ። ምንም ካልሆነልሽ ደሞ «ነቲንግ ዚስ ታይም፣ ቴንክ ዩ ፎር ዩር ሄልፕ»። በቃ፣ ይሄው ነው። ምክንያት መደርደር፣ ሶሪ ሶሪ ማለት፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብሎ ቃል መግባት አያስፈልግም፣ ካመሰገንሻት ጨዋነትሽን ጨርሰሻል።

አሁን ከበሩ እንጀምር። ገና ስትገቢ «ካን አይ ሄልፕ ዩ ፋይንድ ሰምቲንግ?» ትልሻለች፣ ዝም ብሎ ማለፍ ጥሩ ስላልሆነ «አይም ጀስት ሉኪንግ፣ ቴንክ ዩ» በያት፣ ትተውሻለች። ትንሽ ቆይተሽ ክንድሽ ላይ ሁለት ሦስት ልብስ ካየች ግን ተመልሳ «ካን አይ ስታርት ኤ ሩም ፎር ዩ?» ትላለች፣ ይቺን አረፍተ ነገር ትምህርት ቤት ማንም ስለማያስተምራት አዲስ የመጣ ሰው ሁላ ግራ ይጋባባታል፣ የምን ሩም ነው የምትይኝ ያሰኛል። ልብሱን ተቀብላሽ መልበሻ ክፍል ውስጥ ልትሰቅልልሽ ነው፣ «የስ ፕሊዝ» ብለሽ ስጫትና እጅሽን አሳርፈሽ መፈለግሽን ቀጥዪ። ማንም ካላናገረሽ አንቺ «ካን አይ ትራይ ዚስ ኦን?» ወይ «ዌር አር ዘ ፊቲንግ ሩምስ?» ትያለሽ። ብዙዎቻችን ልልበሰው እንደምንለው «ካን አይ ዌር ኢት?» እንላለን፣ ሰው ይረዳሻል፣ ግን ለመለካት የሚባለው ትራይ ኦን ነው። አንዳንድ ሱቅ መልበሻው መግቢያ ላይ «ሃው ሜኒ?» ይሉሻል፣ ስንት ልብስ ይዘሽ እንደምትገቢ ነው የሚጠይቁት፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ከሰጡሽ ስትወጪ መልሺው።

ውስጥ ሆነሽ ከበሩ ውጪ «ሃው ኢዝ ኢት ጎይንግ ኢን ዜር?» የሚል ድምፅ ብትሰሚ እንዳትደነግጪ፣ ቶሎ ውጪ ማለት አይደለም፣ የሚያስፈልግሽ ነገር እንዳለ ነው። ሳይዝ ማስቀየሪያው ሰዓት ይሄኔ ነው፣ «ኩድ ዩ ብሪንግ ሚ ዚስ ኢን ኤ ቴን?» ስትያት 10 ቁጥሩን ታመጣልሻለች። ቁጥሩን ካላወቅሽ «ዋን ሳይዝ ቢገር» ወይ «ዋን ሳይዝ ስሞለር» ይበቃል። ቀለም ከሆነ ደሞ «ዱ ዩ ሃቭ ዚስ ኢን ብላክ?»።

በጣም የምለምንሽ ነገር ቱ የምትለዋን ቃል እንድትለምጃት ነው። እኛ በጣም ጠባብ ነው ስንል ቬሪ ታይት ብለን እንተረጉመዋለን፣ ጠባብ ሱሪ የሚፈልግ ሰው ደሞ ሞልቷል፣ ስለዚህ ሻጯ ወደሽው ይሆን ጠልተሽው አታውቅም። «ኢትስ ቱ ታይት» ካልሽ ግን ከልኬ አልፏል አይሆነኝም ማለትሽ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ ረዘመኝ፣ አጠረኝ የምንለውን በሙሉ በሷ ትጨርሺዋለሽ፦ ቱ ታይት፣ ቱ ሉስ፣ ቱ ሎንግ፣ ቱ ሾርት። ከዛ ቦታውን ትጨምሪበታለሽ፣ ወገብ ላይ ከሆነ «አት ዘ ወይስት»፣ ዳሌ ላይ «አት ዘ ሂፕስ»፣ ትከሻ ላይ «ኢን ዘ ሾልደርስ»፣ እጅጌው ከሆነ «ዘ ስሊቭስ አር ቱ ሎንግ»። ቃሉ ቢጠፋሽ እንኳን በጣትሽ ነክተሽ «ኢትስ ቱ ታይት ሂር» በያት።

ያንቺ ሱሪ ዳሌሽ ላይ ሲጠብ፣ ትልቁን ስታመጣልሽ ደሞ ወገቡ ጋ ከኋላ ተከፍቶ እጅ የሚያስገባ ሆኖብሽ ከነበረ ችግሩ ሳይዙ አይደለም፣ አቆራረጡ ነው። «ኢት ፊትስ ማይ ሂፕስ፣ በት ኢትስ ቱ ሉስ አት ዘ ወይስት» በይና «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ከርቪ ፊት?» ብለሽ ጠይቂ፣ ከርቪ የሚባለው ወገቡ ገባ ዳሌው ሰፋ ተደርጎ የተሰፋ ነው፣ ለኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው እሱ ነው። ፔቲት የሚል ካየሽ ደሞ ለቀጫጭን ሴት ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ቁመትን ነው የሚመለከተው፣ 5 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ63 ገደማና ከዛ በታች ለሆነች ሴት እጅጌውም እግሩም አጠር ተደርጎ የተሰራ ነው።

ዋጋ ላይ የመርካቶን ልማድ እርሺው፣ ላስት ፕራይስ ስንት ነው ብትያቸው ትልልቆቹ ሱቆች ውስጥ የሚቀንስልሽ የለም። የሚሰራው ጥያቄ «ኢዝ ዚስ ኦን ሴል?» ነው። ፋይናል ሴል የሚል ከተጻፈበት ግን ተጠንቀቂ፣ አይመለስም አይቀየርም ማለት ነው፣ ሳትለኪ እንዳትገዢው። የመመለሻ ደንቡ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ከመክፈልሽ በፊት «ዋት ኢዝ ዩር ሪተርን ፖሊሲ?» በይ። ልብሱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ታክስ የለውም፣ ሜሪላንድ 6 ፐርሰንት ስለሚጨመር የ40 ዶላር ቀሚስ ካሸሯ ጋ 42 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል፣ ኦገስት ውስጥ ግን ሜሪላንድ አንድ ሳምንት አንዱ ልብስ ወይ ጫማ 100 ዶላርና ከዛ በታች ከሆነ ታክሱን ትተዋለች፣ የልጆች ልብስ ያለበት ሰው ያንን ሳምንት ቢጠብቅ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቀጣዩ እንለፍ። ካሸሯ ዛሬ ቅናሽ ታገኛለሽ ብላ የሱቁን ክሬዲት ካርድ እንድትከፍቺ ትጠይቅሻለች፣ ያልገባሽን ነገር ሁላ የስ የስ እያልሽ ከሄድሽ ሳታስቢው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ሰጥተሽ ብድር አመልክተሽ ትገኛለሽ፣ ማመልከቻው ደሞ ክሬዲት ታሪክሽ ላይ ይመዘገባል። መልሱ አጭር ነው፣ «ኖት ቱዴይ፣ ቴንክ ዩ»።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ፣ ለስራ ኢንተርቪው ሱፍ ልገዛ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ 48 ነበር የምለብሰው፣ እዚህ 48 ስላቸው ያመጡልኝ ኮት ለሁለት ሰው ይበቃል። ሱሪውንስ ፓንትስ ልበል? — ቴ.

መልስ፦ ወንድሜ ቴ.፣ 48 የሚለው የአውሮፓ ቁጥር ነው፣ እንግሊዞች ኮት የሚለኩት በደረት ኢንች ስለሆነ 10 ቀንስበት፣ ያንተ 38 ነው። ቀጥሎ ቁመቱን ሾርት፣ ሬጉላር ወይ ሎንግ እያሉ ይለያሉ፣ «አይም ኤ ተርቲ ኤይት ሬጉላር» ብትል ጨርሰሃል። እርግጠኛ ካልሆንክ «ኩድ ዩ ሜዠር ሚ፣ ፕሊዝ?» በላቸው፣ ሱፍ የሚሸጥበት ቤት ሜትር አውጥቶ ልክህን መውሰድ የተለመደ ነው።

ፓንትስ ግን እንዳትል። አሜሪካኖች ሱሪን ፓንትስ ይላሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን ልክ እኛ ፓንት እንደምንለው የውስጥ ሱሪ ነው፣ ያንተ ቃል ትራውዘርስ ነው። ሰደርያ ከፈለግክም ዌስትኮት በል፣ ቬስት ካልካቸው የውስጥ ካናቴራ ነው የሚያሳዩህ። መልበሻውን ቼንጂንግ ሩም ሲሉ ትሰማለህ፣ ፊቲንግ ሩምም ይገባቸዋል።

ኮቱን ስትለካ መጀመሪያ ትከሻውን እይ፣ ሌላው ይስተካከላል፣ ትከሻ ግን ለልብስ ሰፊም ከባድ ነው፣ ስፌቱ ትከሻህ ከሚያልቅበት ወርዶ ክንድህ ላይ ከተንጠለጠለ የፈለገ ቅናሽ ቢኖረው ተወው። ትከሻው ልክ ሆኖ እጅጌው ከረዘመ «ዱ ዩ ዱ ኦልተሬሽንስ?» በል፣ እዚሁ ታስተካክላላችሁ ወይ ነው። «ካን ዩ ሾርተን ዘ ስሊቭስ?» እጅጌውን ያሳጥራል፣ ወገቡ ከሰፋህ «ካን ዩ ቴክ ኢት ኢን?»፣ ከጠበበህ «ካን ዩ ሌት ኢት አውት?»። ከዛ «ሃው ማች ኢዝ ኢት፣ ኤንድ ዌን ዊል ኢት ቢ ሬዲ?» ማለቱን እንዳትረሳ፣ ኢንተርቪው አለብህ።

ደሞ ልብ በል፣ እንግሊዝ ውስጥ ከሱቅ ገዝተህ የወጣኸውን ጉድለት የሌለው ልብስ ሃሳቤን ቀየርኩ ብለህ የመመለስ ሕጋዊ መብት የለህም፣ ሱቁ በራሱ ደንብ ከፈቀደልህ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት «ካን አይ ብሪንግ ኢት ባክ ኢፍ ኢት ዳዝንት ፊት?» ብለህ ጠይቅ። ጉድለት ካለው ግን በ30 ቀን ውስጥ መልሰህ ገንዘብህን መቀበል ትችላለህ፣ ኦንላይን ያዘዝከውን ደሞ ከደረሰህ 14 ቀን ሳይሞላ አልፈልገውም ማለት መብትህ ነው። መልካም ኢንተርቪው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ልጄ ጋ ሚኒያፖሊስ ነው ያለሁት፣ እሷ ስራ ስለሚበዛባት የ4 ዓመቱን የልጅ ልጄን የብርድ ጊዜ ልብስ ራሴ ልገዛለት ብዬ ነበር። ቋንቋው ትንሽ ትንሽ ይገባኛል፣ አጭር አጭሩን ንገሩኝ። — እናት ከሚኒሶታ

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳንም ጠየቁን። ልጁን ይዘውት ይሂዱ፣ ሻጯን «ሂ ኢዝ ፎር። አይ ኒድ ኤ ዊንተር ኮት» ይበሏት፣ ሌላውን እሷ ትጨርሰዋለች። ልብሱ ላይ 4ቲ የሚል እና 4 ብቻ የሚል ያያሉ፣ ቲ ያለው ለትንንሾቹ የተሰራ ነው፣ 4 ብቻ የሚለው ረዘም ቀጠን ይላል፣ ሁለቱንም ያልብሱትና ይዩት። የሚኒሶታ ብርድ ከውስጥ ሹራብ ስለሚፈልግ ሹራቡን እንደለበሰ ይለኩት፣ እጁን ወደ ላይ እንዲያነሳም ያድርጉ፣ እጅጌው ወደ ክርኑ ከሸሸ ጠቦታል። «ዳዝ ኢት ረን ስሞል?» ብለው ቢጠይቁ ደሞ ልብሱ ከተጻፈበት ቁጥር አንሶ የሚመጣ እንደሆነ ይነግሩዎታል፣ የስ ካሉ አንድ ቁጥር ይጨምሩ። እንዲያድግበት ትንሽ ሰፋ ያለ ከፈለጉ «ሂ ዊል ግሮው ኢንቱ ኢት» ይበሉ፣ እዛም ያሉ እናቶች የሚሉት ነው፣ ብቻ ጫማ ላይ አያድርጉት፣ ሰፊ ጫማ በረዶ ላይ ያደናቅፈዋል።

ሚኒሶታ ልብስ ላይ ታክስ የለም፣ የተለጠፈውን ነው የሚከፍሉት። ሲከፍሉ «ካን አይ ጌት ኤ ጊፍት ሪሲት?» ይበሉ፣ ዋጋው የማይታይበት ደረሰኝ ይሰጡዎታል፣ ልጅዎ ኮቱ ካልሆነው ስንት እንዳወጡ ሳታይ በዛች ደረሰኝ ሄዳ ትቀይረዋለች።