የሞንትሳንት ሸለቆዎችና የፕሪዮራት የወይን ማሳዎች፦ ለእግር ተጓዦች ጥያቄና መልስ

ፕሪዮራት በደቡብ ካታሎኒያ፣ ከባርሴሎና በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የሚርቅ ተራራማ የወይን አገር ነው። የሞንትሳንት ተራራ ከበላዩ እንደ ግንብ ቆሟል፤ ወንዞቹም ድንጋዩን ሰንጥቀው ጠባብ ሸለቆ አበጅተዋል። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ስለ እግር መንገዱ የጠየቋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱ ግን በእኛው።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፣ ሦስት ቀን አለን። የት እንደር? ከምንስ እንጀምር?

መልስ፦ ኮርኑዴያ ደ ሞንትሳንት እደሩ፤ ሱቅም ማደሪያም አለው፣ ለሦስቱም መንገድ መሀል ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኡልዴሞሊንስ ተነስታችሁ የፍራጌራውን ሸለቆ ሂዱ። በሁለተኛው ቀን ከላ ሞሬራ መንደር ወደ ተራራው ሸንተረር ውጡ፤ በሦስተኛው ከዚያው መንደር በወይን ማሳው በኩል ወደ እስካላዴይ ውረዱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ሸለቆው ጥላ ስላለው እግር ያፍታታል። ረጅሙ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበት ያደክማል፤ በማግስቱ አቀበትና የብረት መሰላል የሚጠብቀው ሰው ጉልበቱን አስቀድሞ ሊጨርስ አይገባም።

ጥያቄ፦ የስፖርት ጫማ ይበቃል? ወይስ የተራራ ጫማ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ መልሱ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለ። ላይኛው ተራራ በተፈጥሮ ሲሚንቶ የተጣበቀ የጠጠር ክምር ነው። ጠጋ ብለሽ ስታዪው የወንዝ ድንጋይ የመሰለ ድቡልቡል ጠጠር ግድግዳው ላይ እንደ ለውዝ ተሰክቷል። ደረቅ ሲሆን እግር ይይዛል። ሲረጥብ ግን የጠጠሩ ጀርባ ያንሸራትታል፤ በእጅ የተያዘ ጠጠርም ተነቅሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመደገፍሽ በፊት ነቅነቅ አድርገሽ ሞክሪው።

ታችኛው፣ ወይኑ የተተከለበት፣ አገሬው ይኮሬያ የሚለው ጥቁር ድንጋይ ነው። እንደ ቅጠል እየተላጠ ይነሳል፤ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል፣ ስትረግጪው እንደ ተሰበረ ሸክላ ይንኳኳል። ቁልቁለት ላይ ስስ ቅጠሉ ከእግር ስር ተንሸራቶ ይሄዳል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ገደሉን ተጠንቅቆ አልፎ ማሳው መሀል ይወድቃል። ሶሉ ጥርስ ያለውና ያላለቀ ጫማ ከሆነ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍነውም ይበቃል። ሶሉ የተላጨ የሩጫ ጫማ ግን አይሆንም። ሁለት ምርኩዝ ያዢ፤ እርምጃሽን አሳጥሪ፤ ተረከዝሽ ላይ አትደገፊ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለዚህ ከፍታ ይጨነቃል እንዴ?

መልስ፦ ለትንፋሽ አይጨነቅም። የተራራው ጫፍ ሮካ ኮርባቴራ 1,163 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባ ግማሽ ያህል። እዚህ ሰው የሚጥለው ሙቀቱ ነው። ሸንተረሩ ጥላም ምንጭም የለውም፤ ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ አጠራቅሞ መልሶ ይተፋዋል። በሞቃት ወር ለአንድ ሰዓት ጉዞ ግማሽ ሊትር ውሃ አስቡ፤ ለስድስት ሰዓት ጉዞ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሊትር ማለት ነው። ውሃውን ከመንደር ሞልታችሁ ውጡ፤ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። የሚመቹት ወራት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ጥቅምትና ኅዳር ናቸው።

ጥያቄ፦ የዓመት ፈቃዳችን የሚወጣው በነሐሴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ፍልሰታ ነው። እስከ 9 ሰዓት እየጾምን መጓዝ ይቻላል?

መልስ፦ ሸንተረሩን በፍጹም አትሞክሩት። በዚህ ወር ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ውሃ ሳይጠጡ አቀበት መውጣት ራስ ያዞራል፣ እግር ያብረከርካል፤ ገደል ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ የተሳሳተ እርምጃ ይበቃል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ እንደወጣች ተነስታችሁ ሁለት ሰዓት ብቻ በሸለቆው ጥላ ተጓዙና ተመለሱ። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ደግሞ በማሳዎቹ ዳር መንሸራሸር ይቻላል። ረጅሙን መንገድ ለሌላ ወር ተዉት። የጾም ምግብ ግን አያስቸግርም። ቲማቲም ተፈትጎበት የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦ፣ በእሳት የተጠበሰ ደበርጃንና ቃሪያ፣ ለውዝና ሄዝልነት የአካባቢው የዘወትር ምግብ ናቸው። ዘይቱ አርቤኪና ከምትባል ትንሽ ወይራ የሚጨመቅ ነው፤ በጣም ግሩም ነው።

በነሐሴ ሌላም ነገር አለ። የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው፣ እነሱ ፕላ አልፋ የሚሉት፣ ደረጃ 4 ሲደርስ ወደ ተራራው መግባት ይከለከላል። ሁልጊዜ ከዋዜማው ማታ ተመልከቱት። ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 15 በጫካና በ500 ሜትር ዙሪያው እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ቡና ማፍላትም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ላ ሞሬራ ላይ ስላለው የብረት መሰላል ሰምቼ ፈርቻለሁ። ገመድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ግራው ማለት ግድግዳውን ሰንጥቆ የሚያሻግር ጠባብ መውጫ ነው፤ ተራራው ላይ ብዙ ግራው አለ። ያስፈራህ ግራው ደልስ ባሮትስ ይባላል፤ ባሮትስ ደግሞ የብረት ዘንግ ማለት ነው። ከድንጋዩ ላይ የተተከለ የብረት መርገጫና መያዣ አለው። ከፍታ የማያዞረው ሰው ደረቅ ቀን ላይ ያለ ገመድ ይወጣዋል። ምርኩዝህን አጣጥፈህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት፤ እጅህ ነፃ ይሁን። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም እንደያዙ ይቆዩ፤ አራተኛው ብቻ ይንቀሳቀስ። ብረቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ሌላው ከስሩ ፈቀቅ ብሎ ይጠብቅ።

ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው፤ በብረቱ ውጣ፣ ብረት በሌለው ውረድ። ሲወጡ መርገጫው ዓይን ፊት ነው፤ ሲወርዱ ግን እግር በዳበሳ ይፈልገዋል፣ ፍርሃትም የሚመጣው ያኔ ነው። የትኛው ግራው ለመውረድ እንደሚቀልና በዚያ ሰሞን ክፍት መሆኑን የተፈጥሮ ፓርኩ ቢሮ ይነግርሃል፤ ቢሮው እዚያው ላ ሞሬራ ውስጥ ነው። ዝናብ ከጣለ ወይም ከፍታ የሚያዞርህ ከሆነ ባሮትስን ተወው፤ በሌላው ወጥተህም ያው እይታ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። የትኛው ይሻላቸዋል?

መልስ፦ ፍራጌራው። መንገዱ የሞንትሳንትን ወንዝ ተከትሎ በግራና በቀኝ በቆሙ ግድግዳዎች መሀል ይሄዳል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች የቅዱስ በርተሎሜዎስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገደሉ ስር ተጠግታ ታገኛላችሁ። የተራራው ስም ራሱ «ቅዱስ ተራራ» ማለት ነው፤ ባሕታውያን ለዘመናት በዋሻዎቹ ኖረዋል። እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ደርሶ መመለስ ለልጆች የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ቅያሪ ካልሲ ያዙ፤ ልጅ ውሃ አይቶ አያልፍም።

ጥያቄ፦ ወንዙ ትንሽ ነው ይባላል። ጎርፍ ያሰጋል?

መልስ፦ ትንሽነቱ ነው የሚያዘናጋው። በሜዲትራኒያን አገር ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መኸሩ ድረስ ዝናቡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ድንጋዩ ውሃ ስለማይመጥ ሁሉም ወደ ሸለቆው ይሮጣል። ጎረቤቱ የፍራንኮሊ ወንዝ በኦክቶበር 2019 እንዲህ ሞልቶ ሰው ገድሏል፣ ድልድይ አፍርሷል። ደራሽ ውሃ ለመምጣት እናንተ ያላችሁበት መዝነብ የለበትም። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ አትቆዩ፤ ከወንዙ ርቃችሁ ወደ ላይ ውጡ። መሻገሪያው ከጉልበት በላይ ከሆነ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ግን ኔትወርክ ስለሚጠፋ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለማደሪያችሁ ንገሩ።

ጥያቄ፦ ምልክቶቹ ምን ማለት ናቸው?

መልስ፦ ነጭና ቀይ ረጅም መንገድ ነው፤ ፕሪዮራትን የሚዞረው ጂአር 174 በዚህ ቀለም ይሄዳል። ነጭና ቢጫ አጭር መንገድ ነው፣ ነጭና አረንጓዴ የአካባቢው ነው። እንደ ኤክስ (X) የተጠላለፈ መስቀል ካያችሁ መንገዱ ያ አይደለም። መታጠፊያ አልፋችሁ አሥር ደቂቃ ምልክት ካጣችሁ መጨረሻ ወዳያችሁት ተመለሱ። በወይን ማሳ ውስጥ ሁሉም የትራክተር መንገድ ስለሚመሳሰል ሰው የሚጠፋው በብዛት እዚያ ነው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱት።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ካለው ወይን አንድ ዘለላ ብንቆርጥ ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር ነው፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ቅጠሉ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ነጠብጣብ ለሻጋታ የሚረጭ የመዳብ መድኃኒት ነው። ከዚህም በላይ በዚህ ደረቅ ቁልቁለት አንድ አሮጌ ግንድ የሚሰጠው ፍሬ በጣም ጥቂት ነው። ሥሩ በይኮሬያው ስንጥቅ ገብቶ እርጥበት እየፈለገ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ጋርናቻና ካሪንየና የሚባሉት ወይኖች ጥንካሬያቸውን ያገኙት ከዚህ ችግር ነው። ማሳው ገደላማ ስለሆነ በብዙ ቦታ ለቀማው በእጅ ነው። የእርከኑን ካብ አትርገጡ፤ ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ስለሆነ አንድ ድንጋይ ከወጣ በዝናብ ጊዜ አፈሩ ተከትሎት ይሄዳል። በሴፕቴምበር ለቀማ ስለሆነ ለትራክተር መንገድ ልቀቁ።

ለመቅመስ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ከጉዞ በኋላ ይሁን። የአገሩ ቀይ ወይን አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ14 በመቶ በላይ ነው። መኪና የሚነዳው ሰው ቀምሶ መትፋት ይችላል፤ የመትፊያ ዕቃ ለዚያ ነው የሚቀርበው።

ጥያቄ፦ እስካላዴይ ምን የሚታይ አለው?

መልስ፦ በ1194 የተመሠረተ፣ ካርቱሲያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ። አንድ እረኛ መላእክት በጥድ ላይ በተደገፈ መሰላል ሲወጡ አየ ይባላል፤ ስሙም የእግዚአብሔር መሰላል ማለት ነው። አካባቢውን ያስተዳድር የነበረው የገዳሙ አበምኔት ፕሪዮር ይባል ስለነበር አገሩ ፕሪዮራት ተባለ። በ1835 መንግሥት የገዳማትን ንብረት ሲወርስ መነኮሳቱ ወጡ፣ ሕንፃውም ፈረሰ። ከላ ሞሬራ ቁልቁል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መመለሻው ግን ሙሉ አቀበት ስለሆነ መኪና ታች ብታቆሙ ወይም ታክሲ ብትቀጥሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። መምጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቀን ይፈጃል። ከባርሴሎና በሬኡስ ከተማ በኩል የሚያልፈው ባቡር ፕሪዮራት ውስጥ ማርሳ ፋልሴት ጣቢያ ይቆማል፤ ከሬኡስ ወደ ኮርኑዴያ ደግሞ አውቶቡስ አለ። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የበለጠ ይቀንሳል። ማደሪያ ከመያዝህ በፊት የመመለሻውን ሰዓት አረጋግጥ።