ኮሪያኛ ለምትማሩ፦ «ስለ»ን ለጊዜው እርሱት

ልጆቼ፣ 25 ዓመት በአስተርጓሚነት እንጀራ በልቻለሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ጣጣ ብቻ ላጫውታችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አረፈድኩና ለኮሪያዊው አለቃዬ «ኪሪ ማኪኒካ ንጀሰዮ» አልኩት። መንገዱ ስለተዘጋጋ አረፈድኩ ማለቴ ነበር። ፊቱ ጠቆረ። ለካ በእሱ ጆሮ «መንገዱ ተዘግቷል፣ ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚል ነገር ነው የተሰማው። «ኪሪ ማክየሰ» ብል ኖሮ ነገሩ ባለፈ።

ጥፋቱ የ«ስለ» ነው። እኛ ሁሉንም ምክንያት በ«ስለ» እንጨርሰዋለን። ኮሪያኛ ግን «ኣሰ» (ወይም «ኧሰ») እና «ኒካ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቅጥያዎች አሉት።

«ኣሰ»ን ስትማሩ «ታምሜ ቀረሁ» የሚለውን አስቡ። «አፓሰ ሞት ካሰዮ» ልክ እሱ ነው። «ታምሜ» ለብቻው ጊዜ የለውም፣ ጊዜውን የሚይዘው «ቀረሁ» ነው። «ኣሰ»ም እንዲሁ፤ የኃላፊ ጊዜ ምልክት ከፊቱ አይገባም። አሁን ደግሞ «ደክሞህ እረፍ» በሉ እስቲ። ጆሮ ይቆረቁራል አይደል? «ኣሰ»ም ምክንያት ሲሆን ትእዛዝ ወይም «እንሂድ» ዓይነት ግብዣ አያስከትልም። እዚያ ቦታ «ኒካ» ይገባል፦ «ፒጎንሃኒካ ሽዊሴዮ»፣ ደክሞዎታልና ይረፉ። የእኛው «ና» ከ«ኒካ» ጋር ድምፁ መቀራረቡ እንዲያው አጋጣሚ ነው፣ ግን ለማስታወስ ይጠቅማል።

ስለዚህ ቅጥያውን ከመምረጣችሁ በፊት የዓረፍተ ነገሩን ጭራ እዩ። ይቅርታና ምስጋና ከሆነ ግን አታስቡበት፣ ሁሌም «ኣሰ» ነው፦ «ንጀሰ ችዌሶንግሃምኒዳ»፣ አርፍጄ ይቅርታ።

«ንራጎ» አንድ ነገር ስትሠሩ ሌላው ሲያመልጣችሁ ነው፤ ሳጠና ሳልተኛ ነጋ እንደማለት። አድራጊው አንድ ሰው መሆን አለበት፣ ውጤቱም ባብዛኛው ደስ አይልም። «ባራሜ» የምትለዋን ደግሞ በጣም እወዳታለሁ። «ባራም» ነፋስ ማለት ነው። ያልጠበቃችሁት ነገር መጥቶ ሲያበላሽባችሁ «ፒጋ ኦንንባራሜ» ትላላችሁ። የመማሪያ መጽሐፍ በሦስት መስመር የሚያብራራውን እኛ በአንዲት «ብኝ» እንጨርሰዋለን፦ ዝናብ ጥሎብኝ።

ከስም ጋር ሲሆን «ቴሙኔ» አለ። ስትጽፉ ችግር የለውም፣ ከሰው ጋር ስታያይዙት ግን ተጠንቀቁ፣ ወቀሳ ወቀሳ ይላል። ለውለታ «ደክቡኔ» ነው የሚባለው። እኔ ይህን የተማርኩት በምረቃችን ቀን ነው። አበባ ይዤ መምህሬ ፊት ቆምኩና፣ በእርስዎ ኮሪያኛ ቻልኩ ለማለት «ሰንሴንግኒም ቴሙኔ...» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸውም ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ምን አጠፋሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ አበባውን ግን ተቀበሉኝ።