የጊታር ጀርባ ላይ የባይንዲንጉ ቦይ ለምን ያዘነብላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ሁለተኛ ጊታር ነው ትዝ ያለኝ። ባይንዲንጉን፣ ማለትም የጊታሩን ጠርዝ የሚከብበውን ቀጭን ቁራጭ፣ የምታስገባበት ቦይ ፊቱ ላይ ደህና ወጣ፣ ጀርባው ላይ ግን ወደ ውስጥ አዘነበለ፣ ወገቡ ጋ ደግሞ እንጨቱ ተሰነጠረ ብለሃል። ሁለቱም ደርሰውብኛል፤ መነሻቸው ግን ይለያያል።

የሚያዘነብለው ጀርባው ጎባጣ ስለሆነ ነው። መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ይወርዳል። ራውተሩን፣ ያንን ምላጩ እየተሽከረከረ እንጨት የሚቦረቡረውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ እላዩ ስታስቀምጠው አብሮ ይጋደማል፤ ምላጩም ከጎኑ ጋር ቀጥ ብሎ መሄዱ ይቀራል። እኔን የገላገለኝ ፒያሳ የገዛሁት የመሳቢያ ሀዲድ ነው። ቋሚ እንጨት ላይ አሰርኩትና ትንሿን ራውተር ሰቀልኩበት። አሁን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የምትንቀሳቀሰው። ጀርባውን የምትነካው ከምላጩ አጠገብ ባለች ጠባብ ቀለበት ነው። እሷ ቆማ ጊታሩን ታዞረዋለህ። ጎኑ ዙሪያውን ቀጥ ማለቱን በስኳድራ ሳታይ ግን እንዳትጀምር።

መሰንጠሩ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። የፊቱ እንጨት ክር ከአንገት ወደ ግርጌ ስለሚሄድ ሁሌም ከሰፊው ወደ ጠባቡ ቁረጥ። ከሆዱ (ከታችኛው ሰፊ ክፍል) ወደ ወገቡና ወደ ግርጌው፣ ከትከሻው (ከላይኛው ሰፊ ክፍል) ወደ ወገቡና ወደ አንገቱ። በዚህ አካሄድ ግማሹ ቦታ ላይ ምላጩ እንጨቱን ይጎትትብሃል። ስለዚህ አጥብቀህ ያዝ፣ በሦስት በአራት ዙር ጥቂት ጥቂት ቀንስ። የተነሳችውን ስንጣሪ አትጣላት፤ በኮላ መልሰህ በወረቀት ፕላስተር እሰራት።

ጎኑን ቀድመህ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ምላጩ ላይ ያለው ኩሽኔታ ጎኑን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ አንዲት የደረቀች የኮላ ጠብታ እንኳ ቦዩ ላይ ትታያለች።

ጥልቀቱን በተመለከተ፣ የኔ ባይንዲንግ ወይራ ነው፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 6። ቦዩን 1.8 ላይ አቆማለሁ፤ ወጣ ያለውን በኋላ እፍቃለሁ። ጎኑ ራሱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ምላጩ ውስጠኛው ደጋፊ እንጨት (ጎኑን ከፊቱና ከጀርባው ጋር የሚያያይዘው) አፋፍ ላይ ነው የሚደርሰው። ደጋፊው ከጎኑ ጋር ክፍተት ካለው እዚያ ላይ ያጋልጥሃል።

ደሴ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋብኝ በቢላና በመሮ የጨረስኩበት ጊዜም አለ። ወገቡ ላይ እንዲያውም እጅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከኮምቦልቻ እዚህ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጊታሩን ይዘህ ና፣ ቁራጭ ዋንዛም አትርሳ። መጀመሪያ እሱ ላይ እንሞክራለን።