«ሰርግ አላነሳም» ላልከኝ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ

ውድ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የአካውንቲንግ ትምህርትህን ለመጨረስ አንድ መንፈቅ እንደቀረህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ በአጎትህ ካሜራ ጎንደርን ስታነሳ እንዳደግህ፣ አባትህ «ፎቶ ማንሳት ሙያ አይደለም፤ ባንክ ግባ» እንደሚሉህ፣ በእናትህ እቁብ ካሜራ ለመግዛት እንዳሰብህና አዲስ አበባ መሄድም እንደሚያምርህ ጽፈሃል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ፎቶግራፍ ለእኔ እንደ እምነት ስለሆነ ሰርግና ጉርድ ፎቶ በማንሳት አላረክሰውም» ብለሃል።

በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ እንዳልሆንሁ አስቀድሜ ልንገርህ። ለምክር ሥራ ከመብቃቴ በፊት እዚያው ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የኮሌጅ ክፍያዬም የተሸፈነው በጉርድ ፎቶ ነው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መጫን የፎቶ ቤቱን ባለቤት ያስቆጣ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከአርማጭሆ ለመታወቂያ የመጡ እናት ፊቴ ተቀመጡ። ነጠላቸው ግንባራቸው ላይ ወርዶ ነበር፤ ወረፋው ስለረዘመ ግን ከፍ ያድርጉት ሳልል «እዚህ ይመልከቱ» ብዬ ተጫንሁት። ፎቶው ለመታወቂያ አላነሰም። ከዓመት በላይ ቆይቶ ልጃቸው ያንኑ ጉርድ ፎቶ ይዞ ለአርባቸው እንዲያድግለት መጣ። በጨለማው ክፍል ኔጋቲቩን (ምስሉ የተቀረጸበትን ፊልም) ባሳደግሁት መጠን የነጠላው ጥላ የግራ ዓይናቸውን እንደሸፈነ ይወጣል፤ ወረቀት ብቀያይር፣ ሰዓቱን ባሳጥርና ባስረዝም፣ ኔጋቲቩ ላይ ያልተመዘገበ ብርሃን ከየት ይመጣል? ልጁ ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማንንም ነጠላ ሳላስተካክል አንስቼ አላውቅም። የሙያው ፍልስፍና የምትለውን ነገር እኔ የተማርሁት ከዚያች በችኮላ ካነሳኋት ጉርድ ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ላክህልኝ የጥምቀት ፎቶዎች ልምጣ። ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዳር ሆነህ ያነሳሃቸው ምእመናን አቀማመጣቸው ያምራል፤ ዓይን አለህ። ነገር ግን ነጫጩ ልብስ ወደ ግራጫ ሄዷል፤ የሰዎቹም ፊት ጠቁሮ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚለካ፣ ፎቶውን ነጠላና ጋቢ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ልኬቱን ከሰው ፊት ላይ መውሰድ፣ ወይም ብርሃኑን በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) መጨመር የአንተ ድርሻ ነው። ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽሪትን ጥቁር ሱፍ ከለበሰ ባሏ ጋር፣ በቀትር ፀሐይ፣ ሚዜዎቹ እየጨፈሩና የሙሽሪት እናት «ቶሎ በል እንጂ ልጄ» እያሉህ ስታነሳ የምትታገለው ከዚሁ ችግር ጋር ነው። ጥምቀት በዓመት አንድ ጊዜ ጥር 11 ይመጣል፤ በሰርግ ወቅት በየሳምንቱ የምትለማመድበትን ዕድል ደግሞ ሰርጉ፣ ያውም እየተከፈለህ፣ ይሰጥሃል። ይህን ርክሰት የሚለው ሰው ሰርግ አንስቶ የማያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሥራውን ጥሎ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ» ብለህ ለመከራከሪያ ያቀረብኸው ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶም ቢሆን የሚደግፈው እኔን ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢኮኖሚስትነት ሥራውን ትቶ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። ነገር ግን ትምህርቱን ጨርሶ፣ በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ሠርቶ ነው የተወው። ከዚያም በኋላ ለዜና ድርጅቶች የታዘዘውን ሲያነሳ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ነው ወደ አፍሪካ ለራሱ ሥራ የተጓዘው። እንጀራው ፍቅሩን ተሸክሞለታል።

ስለ አባትህ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ገቢው ይዋዥቃል ማለታቸው ትክክል ነው፤ «ባንክ ግባ» የሚለው ግን ስሌት ሳይሆን ስጋት ነው። አንተ የሒሳብ ተማሪ ነህና ስሌቱን ሠርተህ አሳያቸው። በጾመ ነቢያትና በ55ቱ የሑዳዴ ቀናት የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ፋታ አይሰጡም። በእነዚህ የሚገኘውን ገቢ ለዓመቱ ወራት ሁሉ ደልድለህ፣ የሚጎድለውን በምረቃና በጉርድ ፎቶ እንዴት እንደምትሞላው ጽፈህ ብታቀርብላቸው፣ ከእምነትህ ይልቅ ቁጥሩን ይሰሙሃል።

የእናትህን እቁብ አትንካ። ካሜራው ከእጅህ ቢወድቅ የሚሰበረው የእርሳቸው ገንዘብ ነው። ዲግሪውን ጨርስ፤ ቀብድና ቀሪ ሒሳብ መለየት አቅቷቸው ፎቶ ቤታቸውን የዘጉ ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች አይቻለሁ። አዲስ አበባም ይቆይህ።

ፎቶ ቤቶች ለጥር ሰርግ ረዳት መፈለግ የሚጀምሩት ገና ሳይገባ ስለሆነ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ፒያሳ ወርደህ ጠይቅ። መጀመሪያ የሚሰጡህ ካሜራ ሳይሆን ፍላሽ ይዞ መቆም ነው፤ ሳትከራከር ተቀበል።