ከታጠብኩ በኋላ ለምን ይብስብኛል? ስለ ቆዳ ማሳከክ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ቅልጥሜንና ወገቤን ያሳክከኛል። ሽፍታ የለም፤ ቆዳዬ ግን አመድ መስሎ ይረግፋል። ሙቅ ውሃ ሳፈስበት እፎይ እላለሁ፣ ታጥቤ ስወጣ ግን ይብስብኛል። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ሎሽን ብቀባም ለውጥ የለም።

መልስ፦ የገለጹልን የድርቀት ማሳከክ ይመስላል። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ይቀንሳል። ሙቅ ውሃ ስሜቱን ለጊዜው ቢያደነዝዘውም ያችኑ የቀረችውን ወዝ አጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ ቅባት ከመግዛትዎ በፊት አስተጣጠብዎን ይለውጡ።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ገላዎን ታጥበው ለመጨረስም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሳሙና የሚያስፈልገው ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ነው፤ ቅልጥምዎን በየቀኑ በሳሙና ማሸት ትርፉ ድርቀት ነው። ሻካራ መፈተጊያ ይተዉ። በፎጣም ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ እንጂ አይፈትጉ። ከዚያ ቆዳዎ ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይቀቡ። ቫዝሊን በራሱ ውሃ አይጨምርም፤ ሥራው ያለውን እርጥበት ይዞ ማቆየት ነው። ደርቆ በቆየ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ለዚህ ነው።

ሎሽኑ ያልረዳዎትም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ቅባት ጥቂት ነው፤ ሽቶ ወይም አልኮል ካለበት ደግሞ ጭራሽ ያቃጥላል። ለእንዲህ ያለ ድርቀት ቫዝሊን ወይም ሽቶ የሌለው ወፍራም ክሬም ይሻላል። በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ይቀቡ፤ ሽቅብ ማሸት የፀጉር ቀዳዳዎችን እየደፈነ ብጉንጅ ያወጣል። መጠኑንም አይሰስቱ። ቆዳው በጣም የደረቀበት አዋቂ መላ ሰውነቱን በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀባ በሳምንት 250 ግራም ሊጨርስ ይችላል። አንድ ትንሽ ዕቃ ቫዝሊን ለሦስት ወር ከበረከተ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እየተቀቡ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ከሻማ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ይራቁ።

ሌሊት የሚብሰው የአልጋው ሙቀት ስለሚቀሰቅሰውና ሐሳብን የሚወስድ ሌላ ነገር ስለማይኖር ነው። ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፤ ሱፍ ገላዎን አይንካው። ሲነሳብዎ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ያኑሩበት፤ በረዶ ግን በቀጥታ አይያዝም። ጥፍርዎን አሳጥረው ይቁረጡ፣ ማከክ ሲያምርዎም ቦታውን በመዳፍዎ ጫን ብለው ይያዙት። የሚያስተኛ የአለርጂ ኪኒን ድርቀትን አያድንም፤ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ አፍዝዞ ሊጥል ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይውሰዱ።

በዚህ መንገድ ሁለት ሳምንት ይሞክሩ። ካልተሻለዎት፣ ወይም መላ ሰውነትዎን የሚያሳክክዎ ከሆነ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ወይም ማሳከኩ የጀመረው አዲስ መድኃኒት በጀመሩ ሰሞን ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የኩላሊት፣ የጉበትና የታይሮይድ ሕመም እንዲሁም የብረት እጥረት ሽፍታ ሳያወጡ ሊያሳክኩ ይችላሉ፤ ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ ጭኔ ላይ ጠርዙ ቀላ ብሎ መሐሉ የጠራ ክብ ነገር ወጣ። ሃይድሮኮርቲዞን ስቀባው ማሳከኩ ይቆማል፤ ስተወው ሰፍቶ ይመለሳል።

መልስ፦ ይህ የጭርት መልክ ነው። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ሃይድሮኮርቲዞን ደግሞ የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ ፈንገስ አይገድልም። መከላከያው ሲዳከምለት ፈንገሱ ይስፋፋል። ሃይድሮኮርቲዞኑን ያቁሙና 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ከጠርዙ ውጭ ያለውን ደህና ቆዳም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያካትቱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሳከኩ ሲጠፋ መተው ላይ ነው። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ለ2 ሳምንት ይቀጥሉ። ፎጣ አይዋሱ፣ አያውሱ። በ4 ሳምንት ካልጠፋ ወይም ራስ ቅልዎና ጥፍርዎ ላይ ከወጣ የሚዋጥ መድኃኒት ሊያስፈልግ ስለሚችል ይታዩ።

1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን የሚጠቅመው ለነፍሳት ንክሻ ወይም አንድ ነገር ነክቶት ለተቆጣ ቆዳ ነው፤ ለዚያም በስሱ፣ ከ7 ቀን ላልበለጠ ጊዜ። ፊት ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም።

ጥያቄ፦ እኔን፣ ባለቤቴንና ልጃችንን ሌሊት ሌሊት ያሳክከናል፤ በተለይ ጣቶቻችን መሐልና አንጓችን ላይ። ቅባት ገዝቼ እኔ ብቻ ተቀባሁ፤ ተሻለኝና ተመለሰብኝ።

መልስ፦ እከክ ሳይሆን አይቀርም፤ ቆዳ ውስጥ የሚኖር፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ጥቃቅን ተባይ የሚያመጣው ነው። የተመለሰብዎ ሌሎቹ ስላልታከሙ ነው። የማያሳክከውም ጭምር፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ምሽት ይታከም። ተባዩን የሚገድለው 5 በመቶ ፐርሜትሪን ክሬም ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀባል፤ የጣቶች መሐል፣ የጥፍር ሥር፣ እምብርትና ብልት አካባቢ አይዘለሉም። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። በመሐል እጁን የታጠበ እጁን መልሶ ይቀባ። ከ7 ቀን በኋላ ሁሉም ይድገሙት። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

የለበሳችሁትንና የተኛችሁበትን ጨርቅ በዚያው ቀን በ60 ዲግሪ ሙቀት እጠቡ። የማይታጠበውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ለሳምንት አቆዩት፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ተባዩ ከሞተም በኋላ ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ደጋግማችሁ አትቀቡ፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ራሱ ቆዳን ያስቆጣል። አዲስ ሽፍታ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ተመልሳችሁ ታዩ።